በድሬዳዋ የትኩሳት በሽታዎችን የሚከታተል የጤና መረጃ ሥርዓት ሲዘረጋ የቴክኒክ ሥራው እንዴት ይታቀዳል?

በድሬዳዋ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ የሚያየው ባለሙያ ከወባ በተጨማሪ ደንጊንና ቺኩንጉንያን አብሮ መጠርጠር ይኖርበታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ያዳረሰ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋው ወራት የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ከተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ እንደነበር በጥናት ታይቷል። ይህች ትንኝ፣ ደንጊንና ቺኩንጉንያን እንደምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ ሁሉ፣ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ ገንዳዎች በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። ሦስቱ በሽታዎች ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ከተመሳሳይ የውኃ ዕቃ ስለሚነሡ፣ ለመከላከል ሥራው ከታማሚዎች ብዛት እኩል የሚያስፈልገው መረጃ ታማሚዎቹ ያደሩበት ሰፈር ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን የመረጃ ሥርዓት ለመዘርጋት የቴክኒክ ሥራው ከመነሻው እስከ ርክክቡ እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባ ያብራራል። የተዘጋጀው በጤና ቢሮና በጤና ተቋማት ለሚሠሩ የመረጃ ባለሙያዎች፣ ለፕሮጀክት አስተባባሪዎችና አብረዋቸው ለሚሰለፉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ነው። ጽሑፉ የሚቆምበት አቋም አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቅዱ ሥርዓቱ ከሚያግዘው ውሳኔና ከነርሷ መዝገብ ተነሥቶ ወደ ሶፍትዌሩ መሄድ አለበት እንጂ ሶፍትዌር ተመርጦ ካበቃ በኋላ ሥራ ሊፈለግለት አይገባም የሚል ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው ውሳኔው ነው

የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ስለ ኮምፒውተር አንድም ቃል ሳያነሣ ቢያልቅ ይመረጣል። በዚህ ገጽ ላይ የሚሰፍሩት ሥርዓቱ እንዲያግዝ የሚፈለገው ውሳኔ፣ ውሳኔውን የሚሰጠው የሥራ መደብ፣ የሚሰጥበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም መረጃው በጊዜው ካልደረሰ የሚቀረው ሥራ ናቸው። ለምሳሌ «በየሳምንቱ ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር አስተባባሪው የእጭ ማጥፊያ ኬሚካል የሚጨምሩና የውኃ ዕቃዎችን የሚያስከድኑ ቡድኖች በሳምንቱ ውስጥ በቅድሚያ የሚሰማሩባቸውን ሰፈሮች ይመርጣል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ የቴክኒክ መስፈርት ይወጣል። እሑድ ማታ የተመረመረ ታማሚ ሰኞ ጠዋት በዝርዝሩ ላይ መገኘት ስላለበት ወርኃዊ ሪፖርት ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ይታወቃል። ምርጫው በሰፈር ደረጃ ስለሆነ በቀበሌ የተደመረ ቁጥር አይበቃም። አስተባባሪው ማየት ያለበት ከባለፉት ሳምንታት አንጻር የጨመረውን ስለሆነ የቆየ መረጃ በሥርዓቱ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት። በአንጻሩ «ዘመናዊ፣ የተቀናጀና ቀልጣፋ የመረጃ ሥርዓት መዘርጋት» የሚለው በብዙ ሰነዶች ላይ የሚገኘው ዓላማ ለፕሮግራመሩም ሆነ ለነርሷ የሚነግራቸው ነገር የለም፤ ሥራው መጠናቀቁን የምናረጋግጥበት መለኪያም አይወጣለትም። ለመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሳኔዎች ይበቃሉ፤ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ተመዝግቦ ለቀጣዩ ምዕራፍ ይቆይ።

አንድን ታማሚ ከካርድ ክፍል እስከ ሪፖርቱ መከተል

ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ቡድኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚሄዱት የሶፍትዌር ባለሙያው ራሱና የመረጃ ባለሙያዋ እንጂ የእነርሱ ወኪሎች አይሁኑ፤ ምክንያቱም እዚያ የሚታየው ነገር በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሲመጣ ግማሹ ይጠፋል። ሥራው አንድ ትኩሳት ያለበትን ታማሚ፣ ፈቃዱን ጠይቆና ስሙን ሳይጽፉ፣ ከካርድ ክፍል ጀምሮ መረጃው የሚያልፍባቸውን እጆች በሙሉ መከተል ነው።

ጉዞው በአብዛኛው ይህን ይመስላል። በካርድ ክፍል ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና ቀበሌ ተይዞ የካርድ ቁጥር ይሰጣል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ባለሙያው ታማሚውን በመዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ያሰፍርና የላብራቶሪ ማዘዣ ይጽፋል። ላብራቶሪው ውጤቱን በራሱ መዝገብ ይይዛል። ውጤቱ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የመጨረሻው የበሽታ ስም ይጻፋል፤ ከዚያ መስመሩ ወደ ታሊ (የመቁጠሪያ ወረቀት)፣ ታሊው ወደ ሳምንታዊና ወርኃዊ ቅጽ ይሸጋገራል። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ መጠየቅ ያለባቸው ማን እንደሚጽፍ፣ በምን ላይ እንደሚጽፍ፣ መቼ እንደሚጽፍና ወደሚቀጥለው ማቆሚያ ሳይሻገር የሚቀረው ምን እንደሆነ ነው። በላብራቶሪ መዝገብ ላይ ውጤቱ ሲገኝ ቀበሌው አይገኝ ይሆናል፤ በተመላላሽ ክፍሉ መዝገብ ላይ ቀበሌው ሲኖር ሰፈሩ አይኖር ይሆናል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የካርድ ቁጥሩ ብቻ ሲሆን፣ ካርዱን ጥሎ አዲስ ያወጣ ሰው ደግሞ በሁለት ቁጥር የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ሆኖ ይቆጠራል። የሥርዓቱ ንድፍ የሚወጣው ከእነዚህ ክፍተቶች ነው።

በዚሁ ምልከታ ላይ ከተለመደው ቅጽ ውጪ መጠየቅ ያለበት አንድ ነጥብ አለ። በ2022 የድሬዳዋ ወረርሽኝ ከታማሚዎች ከተወሰዱ ናሙናዎች መካከል በፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈለገውን ኤችአርፒ 2 የተባለ ፕሮቲን የማያመነጩ ተውሳኮች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ተውሳክ የያዘ ሰው ይህን ፕሮቲን ብቻ በሚያነብ መመርመሪያ ነፃ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ወባ፦ አለ ወይም የለም» የሚል አንድ ሳጥን ለድሬዳዋ አይበቃትም፤ ምርመራው በማይክሮስኮፕ ይሁን በፈጣን መመርመሪያ፣ በፈጣን መመርመሪያ ከሆነም የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚመዘገብበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህን የሚያነሣው የላብራቶሪ ባለሙያው ነው፤ በንድፍ ስብሰባው ላይ ካልተጠራ ግን ሳጥኑ አንድ ሆኖ ይቀራል።

የምልከታው ውጤት በትልቅ ወረቀት ላይ የተሣለ የመረጃ ፍሰት ሆኖ ለተቋሙ ሠራተኞች ተመልሶ ይቅረብ፤ እነርሱ «እኛ ጋ የሚሆነው እንዲህ ነው» ብለው ካላረጋገጡት ቀጣዩ ሥራ አይጀመር። በዚሁ ወረቀት ላይ በአዲሱ ሥርዓት ምክንያት የሚቀረው የወረቀት ሥራ በቀይ ይሰረዝ። አዲስ ቅጽ ሲጨመር አሮጌው መቼ እንደሚቀር ያልተጻፈበት ዕቅድ በሠራተኛው ላይ ሸክም መጫን ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቤት ለቤት ስትዞር የዋለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማታ ቁጭ ብላ ያንኑ መረጃ በወረቀትም በታብሌትም እንድትሞላ መጠየቅ ከመረጃ ጥራት አንጻርም ከሰብአዊነት አንጻርም ተገቢ አይደለም።

ያለውን ሳያውቁ አዲስ አለመሥራት

አገራችን ለወርኃዊ የጤና ሪፖርት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማውንና በነፃ የሚገኘውን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሶፍትዌር ትጠቀማለች፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት፣ ለተቋማት መለያ ደግሞ የጤና ተቋማት ማስተር መዝገብ አለ። የበሽታና የአገልግሎት ትርጉሞችም በብሔራዊ የጤና ዳታ መዝገበ ቃላት ተይዘዋል። የእኔ ምክር፣ የድምር ሪፖርት የሚያመነጭ ሌላ ሥርዓት መሥራት እንዳይታሰብ ነው። የሚጎድለው የእያንዳንዱ የትኩሳት ታማሚ ዝርዝርና ሰፈር ከሆነ፣ ያንኑ ብቻ በዲኤችአይኤስ 2 የግለሰብ መከታተያ ክፍል ወይም በተመጣጣኝ አነስተኛ ሶፍትዌር መሙላት ይቻላል። የሚመረጠው የትኛውም ይሁን የተቋማቱ መለያ ኮድ ከማስተር መዝገቡ፣ የበሽታዎቹ ትርጉም ከብሔራዊው መዝገበ ቃላት ይወሰድ። የራሳቸውን ኮድ የፈጠሩ ሥርዓቶችን ኋላ ላይ ለማናበብ የሚፈጀው ጊዜ ሥርዓቱን ለመሥራት ከፈጀው ሊበልጥ ይችላል።

ቀን፣ ስምና ሰፈር

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር በእኛ አገር የሚሰናከለው በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው፤ ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ ለእነርሱ ብቻ የሚውል የሥራ ጊዜ ሊመደብ ይገባል።

ከቀን እንጀምር። ወርኃዊው የጤና ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወሩ 21 ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 20 ቀን ያለውን ይይዛል፤ ሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ በሚቆጠር የፈረንጆች ሳምንት ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ እርሱ የዋለበት ሳምንት የጀመረው ሰኞ ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን ያበቃው እሑድ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በሳምንታዊው ቅኝት ይህ የ2024 37ኛ ሳምንት ተብሎ በአንድ ሲያዝ፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለት ዓመታትን ይረግጣል። ወርኃዊውን ስናይ ደግሞ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ስለሆነ ጳጉሜንን ጨምሮ 35 ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ቀናት ይይዛል፤ ሌሎቹ ወራት 30 ቀናት ናቸው። በሽታው ባለበት ቢቆም እንኳ የመስከረም ቁጥር በቀናቱ ብዛት ብቻ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው ከክረምቱ ማግሥት ወባ በእርግጥም በሚጨምርበት ወቅት በመሆኑ፣ ግራፉን የሚያይ ኃላፊ እውነተኛውን ጭማሪ ከቀናቱ ጭማሪ መለየት አይችልም። መፍትሔው በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ክስተት በአንድ ወጥ የቀን አጻጻፍ ያስቀምጣል፤ በገጹ ላይ ለተጠቃሚው የሚታየው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ወርኃዊና ሳምንታዊ ድምሮች ከዚያው ከአንዱ ቀን ይሰላሉ፤ ወራት ሲነጻጸሩ ደግሞ በቀን አማካይ ይነጻጸራሉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ተረኛ ነርስ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብላ የመዘገበችው ቀን 8 ሰዓት ሆኖ እንዳይገባ፣ ቅጹ ቀን ወይም ሌሊት የሚለውን አስመርጦ ዳታቤዙ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይያዘው።

ስምን በተመለከተ የአገራችን ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሚጠራ፣ የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ከመነሻው የተሳሳተ መረጃ ይሰበስባል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደጸሐፊው ይለዋወጣሉ። ድሬዳዋ ላይ በሺዎች የሚጠሩበት አንድ ስም መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ ወይም ሙሀመድ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሥርዓቱ የተጻፈውን ስም ሳይነካ ያስቀምጥ፤ ከጎኑ ግን ተመሳሳይ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት የፍለጋ ቁልፍ ይኑረው። ሁለት መዝገቦችን የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ማጣመር ግን ለማሽን ብቻ አይተው፤ ሥርዓቱ ተመሳሳዮቹን ያቅርብ፣ የሚያጣምረው የካርድ ክፍል ሠራተኛው ይሁን። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩን ሲሰጥ ማጣመሩ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሌለው ሰው ሳይመዘገብ እንዳይመለስ ቦታው የግዴታ መሙያ አይሁን።

ሰፈር ከሁሉም ይከብዳል። ታማሚው የት እንደሚኖር ሲጠየቅ የቀበሌ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ቀፊራ፣ ገንደ ቆሬ፣ ለገሃሬ ወይም ሳቢያን ማለት ይቀለዋል፤ ቀጥሎም አንድ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወፍጮ ቤት ይጠቅሳል። ይህን በነፃ እንዲጻፍ መተው ሊደመር የማይችል መረጃ ማከማቸት ነው፤ ቀበሌ ብቻ መያዝ ደግሞ ቡድኑ የሚሄድበትን ቦታ ያሳጣዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከመጠናቀቁ በፊት የሰፈሮች ዝርዝር ይሠራ። ዝርዝሩን የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከቀበሌ አስተዳደሮች ጋር ሆነው ነው፤ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ኮድ፣ አንድ ቀበሌና በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጠራባቸው ስሞች ሁሉ ይኖሩታል። መዝጋቢው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሲጽፍ ተመራጮቹ ይወጡለታል። ከሽንሌ፣ ከደወሌ፣ ከሐረማያ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ታማሚም በ«ሌላ» ውስጥ እንዳይጠፋ እነዚህ ቦታዎች በዝርዝሩ ይካተቱ፤ ድሬዳዋ የባቡርና የንግድ ከተማ ስለሆነች ይህ መረጃ ለአጎራባች አካባቢዎችም ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚወሰን ጥያቄ አለ። ለትንኝ ወለድ በሽታ የሚጠቅመው በካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ነው ወይስ ሰውየው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ያደረበት ቦታ? የ2022ቱ ወረርሽኝ ከተስተዋለባቸው ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ነበር። በመኝታ ክፍል የሚያድር ተማሪ የወላጆቹን ከተማ በአድራሻነት ካስመዘገበ፣ በአንድ ግቢ የተሰበሰበ በሽታ በመላ አገሪቱ የተበታተነ መስሎ ይታያል። ሁለቱም ቦታዎች ይጠየቁ፤ ካርታውና የሳምንቱ ዝርዝር የሚሠሩት ግን በማደሪያው ነው።

የማስጠንቀቂያ ገደብና የቆየ መረጃ

ለወባ ወረርሽኝ የሚሠራበት የማስጠንቀቂያ ገደብ የሚሰላው ካለፉት አምስት ዓመታት የተመሳሳይ ሳምንት ቁጥሮች ሦስተኛውን ኳርታይል፣ ማለትም ከአምስቱ ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር በመውሰድ ነው፤ የአምስት ዓመት መረጃ በሌለበት ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ቁጥር በእጥፍ ይወሰዳል። ስለዚህ አዲሱ ሥርዓት በተከፈተበት ቀን የአምስት ዓመት፣ ቢያንስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሳምንታዊ መረጃ ከሌለው ማስጠንቀቂያ መስጠት አይችልም። የቆየውን መረጃ ማሸጋገር በብዙ ዕቅዶች ውስጥ በመጨረሻ የሚጠቀስ አንድ መስመር ነው፤ እዚህ ግን ከሶፍትዌሩ ሥራ ጎን ለጎን በመጀመሪያው ወር መጀመር አለበት። የተሰበሰቡት የኤክሴል ፋይሎችና የወረቀት ሪፖርቶች ሳምንት በሳምንት ይዘርዘሩ፤ ያልተላከ ሪፖርት ባዶ፣ ታማሚ ያልነበረበት ሳምንት ደግሞ ዜሮ ሆነው ይለዩ፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቅ ዳታቤዝ ገደቡን ያዛባል።

የሕዝብ ቁጥርን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን በወቅቱ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ትንበያ ነው። ለአስተዳደሩ በጠቅላላ ትንበያው ያገለግላል፤ በሰፈር ደረጃ ግን ከአንድ ሺህ ሰው ስንት ታመመ የሚል ስሌት ማውጣት መተማመኛ የለውም። ሰፈሮች ከራሳቸው የቀድሞ ቁጥር ጋር ይነጻጸሩ።

መብራት፣ ኔትወርክ፣ ሙቀትና ጎርፍ

በተቋም የሚሞላው ቅጽ ኔትወርክ ሲጠፋ መሥራቱን የማያቋርጥ፣ ሲመለስ ራሱ የሚልክ መሆን አለበት፤ የዲኤችአይኤስ 2 የአንድሮይድ መተግበሪያ ይህን ማድረግ ይችላል። ሆኖም በዕቅዱ ላይ መወሰን ያለበት ሌላም አለ፤ ሁለት ሰዎች ኔትወርክ በሌለበት ያንኑ መዝገብ ቢያስተካክሉ የየትኛው ይጸናል? በእኔ አስተያየት የላብራቶሪ ውጤትን መለወጥ የሚችለው ላብራቶሪው ብቻ ከሆነ አብዛኛው ግጭት ከመነሻው ይቀራል።

ሰርቨሩ በቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ የድሬዳዋን ሙቀት ያለማቋረጥ የሚቋቋም ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣውንም ጭምር የሚሸከም የመጠባበቂያ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ሰርቨሩን ብቻ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ይዞ ማቀዝቀዣውን መርሳት መሣሪያውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማጋል ነው። ይህን ማሟላት ካልተቻለ አገር ውስጥ በሚገኝ የዳታ ማዕከል ማስቀመጥ ይሻላል። ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ) ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይያዝ፤ ከቅጂዎቹ አንዱ ከከተማዋ ውጪ ይሁን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን የቀጠፈበትን ጎርፍ የምታስታውስ ከተማ፣ ሁሉንም ቅጂዎች በወንዙ ዳርና ዳር ባሉ ሕንፃዎች ልታስቀምጥ አይገባም። ከባክአፑ ዳታቤዙን እንደገና ማስነሣትም በየሩብ ዓመቱ በተግባር ይሞከር፤ ተነሥቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

የታማሚው ምስጢር

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ ማን ምን ያያል የሚለው ሠንጠረዥ ከሶፍትዌሩ በፊት ተሠርቶ በሕግ ባለሙያ ይታይ። የሚያክመው ባለሙያ ስሙን ያያል፤ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለክትትል የሚላኩላትን ብቻ ታያለች፤ ቢሮው ስም የሌለበትን ዝርዝር ያያል። ጥቂት አባወራዎች በሚኖሩበት የገጠር መንደር አንድ ታማሚ በካርታ ላይ ማሳየት ስም ከመጥራት አይለይምና ለሕዝብ በሚወጣ መረጃ ላይ አነስተኛ ቁጥሮች በቀበሌ ይደመሩ። በጋራ የይለፍ ቃል መሥራት ከመጀመሪያው ሥልጠና ጀምሮ ይከልከል።

ሙከራው

የሙከራ ጉዳዮቹን የሚጽፉት ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ይሁኑ። ፕሮግራመር የሚጽፈው ሙከራ ሥርዓቱ የሚያውቀውን ታማሚ ያቀርባል፤ ነርስ የምትጽፈው ግን ዕድሜውን የማያውቅ አዛውንት፣ ስም ያልወጣለት ጨቅላ፣ ራሱን ስቶ የመጣ መንገደኛ፣ ሰኞ ነፃ ተብሎ ሐሙስ ወባ የተገኘበት ሰው ነው። የሙከራ ተቋማቱ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በከተማ ታማሚ የሚበዛበት፣ ሌላው በገጠር ቀበሌ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት። የገጠሩ ነዋሪ በአብዛኛው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ስለሚናገር ለታማሚው የሚቀርቡት ጥያቄዎች በእነዚህ ቋንቋዎች ተዘጋጅተው አብረው ይሞከሩ።

ወረቀቱና አዲሱ ሥርዓት ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ የሚያበቃበት መለኪያ አስቀድሞ ይጻፍ። ተቋማት በየወሩ የሪፖርታቸውን ትክክለኛነት የሚፈትሹበት፣ 12 የመረጃ ነጥቦችን በናሙና ወስዶ መዝገቡን ከሪፖርቱ ጋር የማመሳከር ልማድ አለ፤ ያንኑ ዘዴ ለአዲሱ ሥርዓት መጠቀም ይቻላል። ለምሳሌ በተከታታይ ለአራት ሳምንታት የሥርዓቱ ቁጥር ከመዝገቡ ቆጠራ ጋር ከተስማማና የሰኞው ዝርዝር በሰዓቱ ከደረሰ፣ የወረቀቱ ታሊ በደብዳቤ እንዲቀር ይደረግ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊም በዕቅዱ ላይ ከነሥራ መደቡ ይጠቀስ፤ ካልሆነ ሁለቱም አብረው ለዓመታት ይቀጥላሉ።

የጊዜ ሰሌዳና ርክክብ

ሥርዓቱ በሐምሌ ሥራ እንዳይጀምር። የዓመቱ ሪፖርት የሚዘጋበት፣ አዲሱ በጀት ዓመት የሚከፈትበትና ዝናቡ የሚጀምርበት ወር ስለሆነ የተቋማት ሠራተኞች አዲስ ነገር የሚለማመዱበት ፋታ የላቸውም። ድሬዳዋ በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለምታገኝ፣ በጥርና በየካቲት ሥልጠናውን ጨርሶ ከበልግ በፊት ሙከራውን መጀመር የተሻለ ነው፤ ሙከራው ግን የመስከረምን ብዛትና የጳጉሜንን ስሌት ሳያይ መደምደም የለበትም። ረመዳን በእነዚህ ወራት ሲውል ሥልጠናዎች በጠዋት እንዲያልቁ ተደርጎ ይታቀድ።

ርክክቡ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ፊርማ ሳይሆን ከመጀመሪያው ወር የሚጀምር ሥራ ነው። ከሥርዓቱ ጋር የሚቆዩ ሁለት የቢሮው ባለሙያዎች ከንድፉ ጀምሮ አብረው ይሥሩ፤ ሁለት የሚሆኑት አንዱ ሲዛወር ወይም ለትምህርት ሲሄድ ሥራው እንዳይቆም ነው። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ የፕሮግራሙ ኮድ፣ የሰርቨሩ ውልና የዶሜይን ስሙ ከሥራ ተቋራጩ ወይም ከረጂው ስም ወጥተው በቢሮው ስም ይመዝገቡ። የሰፈሮቹን ዝርዝር በየስድስት ወሩ የሚያድሰው የሥራ መደብም ይሰየም፤ ከተማዋ እየሰፋች ስለሆነ ዛሬ የተሠራው ዝርዝር በቅርቡ ይጎድላል። የሞባይል ዳታ፣ የታብሌት ባትሪ፣ የማቀዝቀዣ ጥገናና የሰርቨር ክፍያ በመደበኛው በጀት ውስጥ የራሳቸው መደብ እንዲኖራቸው ጥያቄው የሚቀርበው ፕሮጀክቱ ከመዘጋቱ ቢያንስ አንድ የበጀት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት የሚዘጋጀው ወጪ ዝርዝር ከበልጉ ወራት በፊት በመረጃ ባለሙያው ተጽፎ በዕቅድ ክፍሉ እጅ መግባት ይኖርበታል።